ለኤዲኤችዲ የትኛው ምርመራ ይሻላል? ከመጠይቅ እስከ አንጎል ምስል

ስኳር የተጠረጠረበት ሰው ጣቱን ተወግቶ ቁጥሩ ይነገረዋል። ደም ማነስ የተጠረጠረበትም ደም ሰጥቶ ውጤቱን በወረቀት ይቀበላል። «ልጅዎ ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ሊኖርበት ይችላል» የተባለ ወላጅ ግን የሚሰጠው ቅጽ ነው። «ልጅዎ የጀመረውን ሳይጨርስ ይተዋል? በጭራሽ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ።» እዚህ ላይ ብዙ ወላጅ ቅር ይለዋል። የልጄ ነገር የሚወሰነው በዚህ ነው እንዴ? የደም ምርመራ የለውም? አንጎሉ በመሣሪያ አይታይም?

ጥያቄው ተገቢ ነው። ተመራማሪዎችም ለአሥርት ዓመታት ይህንኑ ሲጠይቁ ኖረዋል። የሚፈልጉት ነገር ባዮማርከር ይባላል፤ ከሰውነት ተለክቶ ችግሩ መኖሩን የሚጠቁም ምልክት ማለት ነው። ፍለጋው ገና ነው። ገበያው ግን ቀድሟል። የአንጎል ሞገድ ምርመራ፣ የኮምፒውተር ፈተና፣ የአንጎል ምስል፣ የዘረመል ምርመራ ለወላጆችና ራሳቸውን ለሚጠራጠሩ አዋቂዎች ይቀርባሉ። አንዳንዱ ውድ ነው። አንዳንዱ ጨረር አለው። ለዚህ ነው ጎን ለጎን አስቀምጬ ላወዳድራቸው የፈለግሁት። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልሱን አላቆይም። ብቻውን «ኤዲኤችዲ አለ» ወይም «የለም» ብሎ ሊፈርድ የሚችል የደም፣ የምስል፣ የዘረመል ወይም የአንጎል ሞገድ ምርመራ እስካሁን የለም። እንዲህ ሲባል ሁሉም ከንቱ ናቸው ማለት አይደለም። እያንዳንዱ የሚመልሰው የራሱ ጥያቄ አለው። ሰው የሚጎዳው የአንዱን ጥያቄ ይዞ ሌላው በር ላይ ሲቆም ነው።

ጥሩ ምርመራ በምን ይታወቃል?

በ2012 ዓለም አቀፍ የባዮሎጂካል ሳይካትሪ ማኅበራት ፌዴሬሽንና የዓለም የኤዲኤችዲ ፌዴሬሽን ባለሙያዎች አንድ ሰነድ አወጡ። ጥሩ ባዮማርከር ችግሩ ካለባቸው 100 ሰዎች ቢያንስ 80ውን ማግኘት አለበት አሉ። ከሌለባቸው 100 ሰዎች ደግሞ ቢያንስ 80ውን ነፃ ማለት አለበት። ርካሽ፣ የማያሳምምና ለአሠራር ቀላል መሆን፣ በተለያዩ ጥናቶችም መረጋገጥ ይኖርበታል። በዚያን ጊዜ ይህን ሁሉ ያሟላ አንድም አላገኙም።

«ሰማንያ ከመቶ» ሲባል ጥሩ ይመስላል። እስቲ እናስላው። 1,000 ተማሪዎች አሉ እንበል፤ ከእነሱ 50ዎቹ ኤዲኤችዲ አለባቸው። ምርመራው ከ50ዎቹ 40ውን ያገኛል። ችግሩ ከሌለባቸው 950 ልጆች ደግሞ 20 ከመቶውን፣ ማለትም 190 ልጆችን፣ በስህተት «አለባችሁ» ይላል። በጠቅላላው 230 ልጆች «አለባችሁ» ተብለዋል፤ እውነት የሆነው ግን ለ40ዎቹ ብቻ ነው። ከስድስቱ አምስቱ ገደማ በስህተት ተሰይመዋል ማለት ነው።

ያንኑ ምርመራ ወደ ልዩ ክሊኒክ እንውሰደው። እዚያ ከሚመጡት 1,000 ልጆች ግማሾቹ በእርግጥ ችግሩ አለባቸው እንበል። አሁን 400ው በትክክል ይገኛሉ፣ 100ው በስህተት ይሰየማሉ። መሣሪያው ያው ነው፤ የተለወጠው የተመርማሪዎቹ ስብስብ ነው። ስለዚህ «ትክክለኛነቱ ይህን ያህል ነው» የሚል ማስታወቂያ ሲያዩ «በማን ላይ ተሞክሮ?» ብለው ይጠይቁ።

ሌላም አለ። ብዙ ጥናቶች ኤዲኤችዲ ያለባቸውን ልጆች የሚያወዳድሩት ምንም ችግር ከሌለባቸው ጋር ነው። ሐኪም ፊት የሚቀርበው ጥያቄ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። ይህ ልጅ ኤዲኤችዲ ነው ያለበት ወይስ ጭንቀት? እንቅልፍ አጥቶ ነው? የንባብ ችግር ይሆን? ወይስ ሁለት ሦስቱ ተደራርበውበታል? ጤናማውን ከታማሚው የሚለይ ምርመራ እነዚህን እርስ በርሳቸው ላይለያቸው ይችላል።

መነሻው፦ ቃለ መጠይቅና ቅጽ

ብዙ ሰው የሚንቀው ይህንን ነው። ሌላው ሁሉ የሚለካው ግን በዚሁ ነው። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ ዲኤስኤም 5፣ ሁለት ዝርዝር አለው። አንዱ የትኩረት ማጣት፣ ሌላው የመቅበጥበጥና ሳያስቡ የማድረግ ነው፤ እያንዳንዳቸው 9 ምልክት ይዘዋል። ለልጅ ከአንዱ ዝርዝር ቢያንስ 6፣ ዕድሜው 17 ለሞላና ከዚያ በላይ ለሆነ ቢያንስ 5 ያስፈልጋሉ። ምልክቶቹ ቢያንስ 6 ወር የቆዩ መሆን አለባቸው። ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ በሁለት ቦታ (ለምሳሌ ቤትና ትምህርት ቤት) የሚታዩ፣ ኑሮን በእርግጥ የሚያውኩም ሊሆኑ ይገባል።

ስለዚህ ቅጹ ብቻውን ምርመራ አይደለም። ቫንደርቢልት፣ ኮነርስ፣ ለአዋቂዎች ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ኤኤስአርኤስ የሚባሉት መጠይቆች መረጃ መሰብሰቢያ ናቸው። ምርመራው ያንን መረጃ ይዞ ወላጅን፣ መምህርን፣ ልጁን ራሱን በዝርዝር የሚያነጋግረው ባለሙያ ሥራ ነው።

ድክመቱን መደበቅ አልፈልግም። ቅጽ የሚሞላው ሰው ነው፣ ሰው ደግሞ በሚያየው ይፈርዳል። በ2018 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣ የአሜሪካ ጥናት ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በአንዳንድ ግዛቶች ትምህርት ለመጀመር የዕድሜ መቁረጫው ሴፕቴምበር 1 ነው። በኦገስት የተወለደ ልጅ ከክፍሉ ትንሹ፣ በሴፕቴምበር የተወለደው ደግሞ ትልቁ ይሆናል። ኤዲኤችዲ አለባቸው የተባሉት ከ10,000 የኦገስት ልጆች 85 ገደማ ሲሆኑ፣ ከ10,000 የሴፕቴምበር ልጆች ግን 64 ገደማ ነበሩ። ከክፍል ጓደኞቹ በአንድ ዓመት የሚያንስ ልጅ «ቀዥቃዣ» ለመባል ቅርብ ነው። በተቃራኒው ቁጭ ብላ በሐሳብ የምትነጉድ ሴት ልጅ «ፈዛዛ ናት» ተብላ ትታለፋለች። ማንንም ስላልረበሸች ማንም ቅጽ አይሞላላትም።

ባዮማርከር የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ከሰው ዓይን የሚያመልጠውን የሚይዝ፣ ሰው የሚያጋንነውን የሚያርቅ ነገር ቢገኝ ትልቅ እፎይታ ነበር።

የአንጎል ሞገድ

ኢኢጂ ራስ ላይ በሚለጠፉ ትንንሽ ሽቦዎች የአንጎልን ኤሌክትሪክ ይመዘግባል። አያምም፣ ጨረርም የለውም። ትኩረት የሳበው ቴታ የሚባለው ዘገምተኛ ሞገድ ቤታ ከሚባለው ፈጣን ሞገድ ጋር ያለው ጥምርታ ነው። በ1990ዎቹ የወጡ ጥናቶች ኤዲኤችዲ ያለባቸው ልጆች ላይ ይህ ጥምርታ ከፍ እንደሚል ገለጹ። በ2013 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ኔባ የተባለ መሣሪያ ገበያ ላይ እንዲውል ፈቀደ፤ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 17 ለሆኑ ነው።

ዜናው «ለኤዲኤችዲ የአንጎል ምርመራ ተገኘ» ተብሎ ተሰራጨ። ፈቃዱ ግን እንዲህ አላለም። መሣሪያው ከሙሉ የሐኪም ምርመራ ጋር አብሮ እንዲሠራበት ነው የተፈቀደው። የሚገርመው፣ በዚያው ዓመት የቀደሙትን ጥናቶች በአንድነት የመረመረ ትንታኔ ወጣ። በሁለቱ ቡድኖች መካከል ያለው ልዩነት ጥናቶቹ አዲስ በሆኑ ቁጥር እየጠበበ መጥቷል። የጤናማዎቹ ልጆች ጥምርታ ራሱ ከዓመት ዓመት ከፍ ብሏል። ከተጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ የልጆች እንቅልፍ ማነስ ነው፤ እንቅልፍ የተጫነው አንጎል ቴታው ይበዛልና። በ2016 የአሜሪካ የኒውሮሎጂ አካዳሚ ይህ ጥምርታ የተለመደውን የሐኪም ምርመራ መተካት የለበትም ብሎ ምክር ሰጠ።

ታዲያ ኢኢጂ መቼ ይጠቅማል? ለሌላ ጥያቄ በጣም ይጠቅማል። ልጁ በጨዋታም በወሬም መሃል ለጥቂት ሰከንዶች ድንገት ቆሞ የሚቀር ከሆነ፣ ሲጠሩት ፈጽሞ የማይሰማ፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ የሚቀጥል ከሆነ፣ ትኩረት ማጣት የመሰለው ነገር የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ያን የሚይዘው ኢኢጂ ነው። ሐኪም በዚህ ምክንያት ካዘዘው አያመንቱ።

የኮምፒውተር ፈተና

ልጁ ስክሪን ፊት ይቀመጣል። ምልክቶች ይመጣሉ። የተባለው ምልክት ሲመጣ ብቻ ቁልፉን ይጫናል። ስንቱን ሳተ፣ ስንቱን ሳይገባው ተጫነ፣ ፍጥነቱ ምን ያህል ተለዋወጠ የሚለው ይቆጠራል። ኪውቢ ቴስት የሚባለው ደግሞ በካሜራ የጭንቅላት እንቅስቃሴን ይጨምርበታል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይወስዳል። በጥብቅ አነጋገር ከደም ወይም ከአንጎል የተወሰደ ባዮማርከር ባይሆንም፣ በቁጥር የሚለካ ነገር ስለሆነ እዚህ ማስገባቴ ነው።

ከተጨማሪ ምርመራዎች ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በ2018 ውጤቱ የወጣ የእንግሊዝ ሙከራ 250 ልጆችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ሁሉም ፈተናውን ወሰዱ፤ ውጤቱን ያዩት ግን የአንዱ ቡድን ሐኪሞች ብቻ ናቸው። በ6 ወር ውስጥ ሐኪሞቹ ቁርጥ ያለ ውሳኔ ላይ የደረሱት ውጤቱ ለታየላቸው 76 ከመቶ፣ ላልታየላቸው 50 ከመቶ ነበር። የውሳኔው ትክክለኛነት ግን አልተለወጠም። ፈተናው ሐኪሙን አፋጠነው፣ አስተማመነው እንጂ አዲስ ዓይን አልሰጠውም። በ2024 የሕክምና መመሪያ የሚያወጣው የእንግሊዙ ናይስ ተቋም ከ6 እስከ 17 ዓመት ላሉት ከሐኪም ምርመራ ጋር አብሮ እንዲሠራበት አማራጭ አድርጎ መክሯል። ለአዋቂዎች ግን ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል ብሏል።

ድክመቱም ግልጽ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል፣ በአዲስ መሣሪያ፣ ለ20 ደቂቃ ልቡን ሰብስቦ የሚቀመጥ ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ ብዙ ነው። ችግሩ የሚገለጠው ሰልችቶት፣ አርባ ልጅ በሚጫጫበት ክፍል ነው። የተጨነቀ ወይም ሌሊቱን ያልተኛ ልጅ ደግሞ ኤዲኤችዲ ሳይኖርበት ሊወድቅ ይችላል። «ፈተናውን አልፏል፣ ስለዚህ ምንም የለበትም» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አይቀበሉት።

የአንጎል ምስል

እዚህ ሳይንሱ በጣም ያስደስታል፣ አጠቃቀሙ ደግሞ በጣም ያሳስበኛል።

በ2007 ኤዲኤችዲ ባለባቸው 223 ልጆችና በሌለባቸው 223 ልጆች ላይ የተሠራ የኤምአርአይ ጥናት አንድ ትልቅ ነገር አሳየ። የአንጎል ቅርፊት ውፍረቱ ጫፍ የሚደርስበት አማካይ ዕድሜ በሌለባቸው 7 ዓመት ተኩል ሲሆን፣ ባለባቸው 10 ዓመት ተኩል ነበር። መንገዱ ተመሳሳይ ነው፤ የዘገየ ነው እንጂ። በ2017 ደግሞ ኢኒግማ የተባለው ዓለም አቀፍ ቡድን 1,713 ኤዲኤችዲ ያለባቸውና 1,529 የሌለባቸው ሰዎችን ምስል አንድ ላይ መረመረ። አሚግዳላና ሂፖካምፐስን ጨምሮ አምስት የአንጎል ክፍሎች በአማካይ አነስ ብለው ተገኙ።

«በአማካይ» የምትለዋን ቃል ይያዙልኝ። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፣ ግን በጣም ትንሽ ነው። የሁለቱ ቡድን ሰዎች በብዛት ይደራረባሉ። የአንድ ልጅን ምስል አይቶ ከየትኛው ቡድን እንደሆነ መናገር አይቻልም። ወንዶች በአማካይ ከሴቶች ይረዝማሉ፤ የአንድን ሰው ቁመት ብቻ ነግሬዎት ወንድ ነው ወይስ ሴት ብልዎት ግን የሚስቱበት ጊዜ አለ። የአንጎል ክፍሎቹ ልዩነት ደግሞ ከቁመቱ ልዩነት እጅግ ያነሰ ነው።

ይህን በደንብ ያስረዳኝ በ2011 የተደረገ ውድድር ነው። ኤዲኤችዲ 200 ይባላል። የ776 ሰዎች የአንጎል ምስል ለተመራማሪዎች በነፃ ተለቀቀ። ከዚያ ሌላ 197 ሰዎች ቀረቡላቸውና «ከእነዚህ ማን ኤዲኤችዲ አለበት? ዓይነቱስ የትኛው ነው?» ተባሉ። በምስል ከሠሩት የተሻለው ቡድን 61 ከመቶ ገደማ መለሰ። ከካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ቡድን ደግሞ ምስሉን ትቶ እንደ ዕድሜ፣ ፆታ፣ ልጁ ግራኝ ወይም ቀኝ መሆኑና የአእምሮ ችሎታ ፈተና ውጤት ያሉ የግል መረጃዎችን ብቻ ያዘ። 62.5 ከመቶ አገኘ። ውድድሩ የምስል ስለነበር ሽልማቱ ለእነሱ አልተሰጠም። ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ ያስተማረው የእነሱ ውጤት ነው።

በራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር የሚነሳው ስፔክት የሚባለው ምስል ከዚህ ይብሳል። በ1999 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በ6 አዋቂዎች አንጎል ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል ኬሚካል የሚያጓጉዘው ፕሮቲን በ70 ከመቶ ከፍ ብሎ አገኘ። ብዙ ተስፋ ተጣለበት። በ2012 ጥናቶቹ ሲደመሩ ግን ልዩነቱ ሰዎቹ ቀደም ብለው መድኃኒት ከመውሰዳቸው ወይም ካለመውሰዳቸው ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ልጅን ለዚህ ሲባል ለጨረር ማጋለጥ ተገቢ ነው ብዬ አላምንም። ኤምአርአይ ግን ሐኪሙ ሌላ ነገር ከጠረጠረ ተገቢ ቦታ አለው፤ የራስ ጉዳት፣ የሚባባስ ራስ ምታት፣ የአካል ድክመት ሲኖር።

ዘረመል

ኤዲኤችዲ በቤተሰብ ይወርዳል። በመንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሲደመሩ በሰዎች መካከል ከሚታየው ልዩነት 74 ከመቶ ገደማው ከዘር ጋር የተያያዘ ነው ይላሉ። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያውስ የዘረመል ምርመራ ይበቃል» ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን አንድ «የኤዲኤችዲ ጂን» የለም። በ2023 የወጣ ትልቅ ጥናት 38,691 ያለባቸውንና 186,843 የሌለባቸውን ሰዎች አወዳድሮ 27 የጂኖም (የሰው ሙሉ ዘረመል) ቦታዎችን ለየ። የእያንዳንዱ ድርሻ ኢምንት ነው። ከእነዚህ ውጭ ብዙ ሺህ ጥቃቅን ልዩነቶች አሉ፤ እኔም እርስዎም ጥቂቱን ይዘን እንዞራለን። ተደምረው የሚሰጡት ነጥብ ለተመራማሪ ይጠቅማል፣ ስለ አንድ ሰው ለመፍረድ ግን አይበቃም።

በገንዘብዎ ሊገዙት ካሰቡ ይቅርብዎ እላለሁ። የቤተሰብ ታሪክ በነፃ ይገኛል። አባትየው በልጅነቱ እንዴት ነበር? አክስትየው ትምህርቷን ለምን አቋረጠች? ይህን ለሐኪሙ ይንገሩ። የዘረመል ምርመራ የሚመከረው ልጁ የአእምሮ እድገት መዘግየት ወይም ለየት ያለ የአካል ምልክት ኖሮት ሐኪሙ እንደ ፍራጃይል ኤክስ ያለ ሌላ የዘር ችግር ሲጠረጥር ነው።

ደምና ሽንት

ብረት፣ ዚንክ፣ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን፣ ኖርኤፒነፍሪን የተባለው የአንጎል ኬሚካል ሲፈርስ የሚተዋቸው ነገሮች ተለክተዋል። አንዳቸውም ለመለየት አልበቁም። የደም ምርመራ የሚታዘዘው ኤዲኤችዲን የሚመስል ሌላ ነገር ለማግኘት ነው፦ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ የእርሳስ መመረዝ።

መድኃኒት ሰጥቶ ማየት

ይህን እንደ ምርመራ የሚቆጥሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። «መድኃኒቱን ወሰደ፣ ተረጋጋ፣ ስለዚህ ነበረበት።» አሳማኝ ይመስላል። በ1937 ቻርልስ ብራድሊ አምፌታሚን የልጆችን ጠባይ እንደሚያረጋጋ ከገለጸ ጀምሮ ሐሳቡ ቆይቷል። በ1978 ጁዲት ራፖፖርትና ባልደረቦቿ የዚያኑ ዓይነት መድኃኒት ምንም ችግር ለሌለባቸው 14 ወንዶች ልጆች ሰጡ። እነሱም ትኩረታቸው ጨመረ፣ እንቅስቃሴያቸው ቀነሰ። ስለዚህ መድኃኒቱ መሥራቱ ችግሩ መኖሩን አያሳይም። አለመሥራቱም አለመኖሩን አያሳይም፤ አንዱ መድኃኒት ያልሠራለት ሰው ሌላው ሊሠራለት ይችላል።

ታዲያ ምን ልምረጥ?

ልጅዎ በቤትም በትምህርት ቤትም እግሩ መሬት የማይይዝ፣ ነገሩም ከትንሽነቱ ጀምሮ የነበረ ከሆነ፣ ገንዘብና ጊዜዎን ጥሩ ባለሙያ ላይ ያውሉት። መሣሪያ መፈለግ ውሳኔውን ከማዘግየት ሌላ ብዙም አይጨምርም። ከመሄድዎ በፊት የድሮ የትምህርት ቤት ሪፖርቶችን ይሰብስቡ። መምህራን በዳር የጻፏቸው አጫጭር አስተያየቶች («ችሎታው አለው፣ ግን ልቡን አይሰጥም») ከብዙ ምርመራ ይበልጣሉ።

ነገሩ ካልጠራ፣ ወላጅና መምህር የተለያየ ነገር የሚናገሩ ከሆነ፣ ዕድሜው ከ6 እስከ 17 ከሆነና የኮምፒውተር ፈተናው በአካባቢዎ ካለ ይውሰድ። ውጤቱን ግን ልጁን የሚከታተለው ሐኪም ይተርጉመው፤ ወረቀቱን ብቻ ይዘው እንዳይመለሱ።

ሲያንኮራፋ የሚያድር፣ ጠዋት ደክሞት የሚነሳ ልጅ መጀመሪያ እንቅልፉ ይታይ። መስማትና ማየቱም እንዲሁ። እነዚህ ቀላል ምርመራዎች ናቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለሉትም እነሱ መሆናቸው ያናድደኛል።

አዋቂ ከሆኑ ትልቁ ማስረጃ ልጅነትዎ ነው። የኤኤስአርኤስ ስድስት ጥያቄዎች ወደ ባለሙያ ለመሄድ ምክንያት ይሆናሉ፣ መልስ ግን አይሆኑም። የሚያውቅዎትን ሰው፣ እናትዎን ወይም ታላቅ እህትዎን፣ ይዘው ይሂዱ። እኛ የረሳነውን እነሱ ያስታውሳሉ።

«በአንጎል ምስል በአንድ ቀን እናረጋግጥልዎታለን» የሚል ቦታ ከገጠመዎት፣ ከመክፈልዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ይህ ምርመራ ኤዲኤችዲን ከጭንቀትና ከእንቅልፍ ማጣት እንደሚለይ የተሞከረው በእነማን ላይ ነው? ውጤቱ «የለበትም» ቢል ምን ታደርጋላችሁ? «አለበት» ቢልስ ያለ ቃለ መጠይቅ መድኃኒት ትጀምራላችሁ? ለመጨረሻው «አዎ» ካሉዎት፣ ልጅዎን ይዘው ይውጡ።